በአባባ ስም የወጣው ቲሸርት

ወንድሜ ምትኩ መሞቱን ያወቅኩት «ጥሩ ፎቶ አለው?» ከሚል ጥያቄ ነው።

የቡና ወቅት ስለነበር አሪቻ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ እሠራ ነበር። ረፋዱ ላይ ከዲላ ሁለት የሰፈራችን ሰዎች በሚኒባስ መጡ። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ሌላው የምትኩ ጓደኛ ታምራት። «እናትህን ትንሽ አሟታል፤ ትፈልግሃለች» አሉኝ። አመንኳቸው። ወይም ማመን ፈለግኩ። ይርጋጨፌን እስክናልፍ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ታምራት፣ ዝምታው ከብዶት ይመስለኛል፣ ወደ ጋሽ ወርቁ ዘንበል ብሎ፣ «ለቲሸርቱ የሚሆን ጥሩ ፎቶ አለው?» አለ።

ጋሽ ወርቁ በክርናቸው ጎሰሙት። ቃሉ ግን ወጥቷል። በእኛ ከተማ ወጣት ሲሞት ጓደኞቹና ዘመዶቹ ፎቶው የታተመበት ቲሸርት ለብሰው ይቀብሩታል። በእናቴ ዕድሜ ላለ ሰው ቲሸርት አይታተምም። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከእሷ ሌላ ያለነው ምትኩና እኔ ብቻ ነን፤ እኔ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ያን ዓይነት ቲሸርት ለዲላ ሰው የሚያትመው ምትኩ ራሱ ነበር። «ታዲያ ማን ሊያትመው ነው?» አልኩ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይሄ ነው። ከከተማችን ወጣ ብላ ካለችው ጪጩ ሲመለስ የተሳፈረበት ሞተር ተገልብጦ መሞቱን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ እሱ መጻፍ የፈለግኩት ስለናፈቀኝ ብቻ አይደለም። ያደረግኩት ነገር አለ። እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ልንገራችሁ።

ምትኩ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሽፈራው የቡና መጋዘን ጠባቂ ነበር። እሱ ሲሞት ምትኩ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወና ሻሸመኔ አንድ የማስታወቂያ ሠዓሊ ዘንድ ገባ። እኔ እንድማር ነው የተወው። ይህንን እሱ ተናግሮት አያውቅም፤ እናቴ ናት የምትለው። ከሦስት ዓመት በኋላ የእንጨት ፍሬም፣ የሐር ጨርቅና ቀለም የሚገፋበት ጎማ ይዞ ተመለሰ። ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ክፍል ተከራየና በሩ ላይ «ምትኩ ጽሑፍና ሕትመት» ብሎ ጻፈ።

የምርቃት ቲሸርት፣ የእግር ኳስ ቡድን ቲሸርት፣ የሀዘን ቲሸርት ያትማል። ያተመውን ፀሐይ ላይ በገመድ ያሰጣል። የዲላን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሲዘንብ ሁሉንም ሰብስቦ ቤታችን ውስጥ ይሰቅለዋል። ስንተኛ በላያችን የማናውቃቸው ሰዎች ስምና ፊት ይንጠለጠል ነበር።

አንድ ሥዕል ሲጨርስ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍታል። «ሰውዬው ሦስት እርምጃ እስኪያልፍህ ካልገባህ ቲሸርት አይደለም፣ ደብዳቤ ነው» ይላል። ካልወደደው ይቀደዋል። የሟች ቤተሰብ ሊያሳትም ሲመጣ ፎቶውን ከማየቱ በፊት «ሲስቅ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው የሚያመጣው የመታወቂያ ፎቶ ነው። እሱ ደግሞ የመታወቂያ ፎቶ አይወድም። «መታወቂያ ላይ ሁሉም ሰው የታሰረ ነው የሚመስለው፤ ሌላ ፈልጉ» ብሎ ይመልሳቸዋል። ፈልገው ይመጣሉ።

መንገድ ላይ የሰው ደረትና ጀርባ ማየት ልማዱ ነበር። በዚህ የተነሳ ብዙ ጊዜ ተሰድቧል። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንዲት ወጣት ሽንኩርት ሻጭ፣ «ምን ታፈጥብኛለህ?» አለችው።

«የለበስሽውን እያነበብኩ ነው፣ እህቴ።»

«ስትጨርስ ለእኔም ንገረኝ። ከሳልባጅ ነው የገዛሁት፤ ምን እንደሚል አላውቅም።»

እሱም እንግሊዝኛ ስለማይችል ወደ እኔ ዞረ። አነበብኩላቸው። «የዓለም ምርጡ አያት» ይላል። ልጅቷ እስክታለቅስ ሳቀች። «እንግዲህ አያትህ ላይ እንዲህ ስታፈጥ ውለሃል» አለችው። ምትኩ ግን የሳቀው ትንሽ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የፊደሉን አቀማመጥ አየ። «ፊደሉን ያስቀመጠው ልጅ ጎበዝ ነው» አለ፤ ከዚያ ሳቀ።

ወደ ውድድሩ ልምጣ።

እኔ አሥረኛ ክፍል ስገባ ምትኩ ሰናይት የምትባል ሴት ኢንተርኔት ቤት መሄድ ጀመረ። የጀመረው የፊደል ዓይነት ሊፈልግ ነው። እዚያ አንድ የውጭ አገር የቲሸርት ሱቅ አገኘ። ሱቁ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው ያለው። ማንም ሰው ሥዕል ይልካል፤ ሥዕሉን ያዩ ሰዎች ለአንድ ሳምንት ነጥብ ይሰጡታል፤ ብዙ ነጥብ ያገኘው ይታተምና ሰኞ ሰኞ «አዲስ የወጡ» የሚለው ገጽ ላይ ለሽያጭ ይወጣል። ሌሎች ልጆች የኳስ ውጤት ሊያዩ ሲመጡ ምትኩ ሰኞ ሰኞ አዲስ የወጡትን ሊያይ ይመጣል። እኔን ይዞኝ ይሄዳል፤ አነብለታለሁ። ሰናይት ሲገባ ስታየው፣ «ምትኩ፣ ያንተ ቡድን ዛሬ ስንት አገባ?» ትለዋለች። እሱ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። ቀለም ስላለበት የሰው ዕቃ እንዳይነካ ነው። ማውሱን የምይዘው እኔ ነኝ።

ስለማያውቃቸው ሠዓሊዎች እንደ ጎረቤት ነበር የሚያወራው። «ያ ዓሣ የሚሥለው ልጅ ዛሬም አወጣ። ችኩል ነው እንጂ እጅ አለው» ይላል። ቤት ስንደርስ ሲሚንቶ የመጣበትን ወረቀት ገልብጦ መሣል ይጀምራል። አራት ጊዜ ላክን። አራቱም አልታተሙም። አልከፋውም። «ሦስት እርምጃው አልበቃ ብሏቸው ነው» አለ።

አምስተኛው የቅጠሉ ሥዕል ነው። አንድ የገበያ ቀን ጪጩ ነበርን፤ ዝናብ በድንገት ወረደ። ሰው ሁሉ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ራሱ ላይ ይዞ ወደየቤቱ ጉዞ ጀመረ። ከኋላ ስታያቸው ሰዎቹ አይታዩም። ከላይ ሰፋፊ ቅጠል፣ ከታች እግር ብቻ። ምትኩ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። «አሹ፣ እየው። ጓሮው ተነስቶ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው» አለኝ። እሱን ሣለው። ሁለት ቀለም ብቻ፣ አረንጓዴና ጥቁር። ፎቶ ቤት ወስደን በስካነር አስነሳነው።

ቅጹን የሞላችው ሰናይት ናት። ምትኩ ኢሜይል ስላልነበረው የእኔን አስገባን። አንድ ሣጥን የራስ ስም ይላል፤ ሌላው የቤተሰብ ስም። ሰናይት ሁለተኛው ላይ «ሽፈራው» ብላ ጻፈች። በእኛ አገር ሌላ ምን ይጻፋል? ሱቁ ግን የሚያወጣው ሁለተኛውን ሣጥን ብቻ መሆኑን ማናችንም አላወቅንም።

ታተመ። ከአንድ ወር በኋላ ሰኞ ዕለት ገጹን ስንከፍት አንድ ፈረንጅ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ጀርባው ላይ የጪጩ ሰዎች ቅጠላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ምትኩ ከወንበሩ ተነስቶ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላው የተቀመጠውን ልጅ እግር ረገጠው። ይቅርታም አላለም።

«ከሥሩ ምን ይላል?» አለኝ።

«‹ሥዕል፦ ሽፈራው፣ ኢትዮጵያ› ይላል።»

ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፣ «አባባ በሞተ በስንት ዓመቱ ሠዓሊ ሆነ» አለ። ሰናይት «ላስተካክለው?» ብላ ጠየቀችው። «ተይው፣ የሁላችንም ስም ነው» አላት። ደስ ብሎት ነበር። አንድ ኪሎ ሙዝ ገዝቶ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ አደለ።

ሱቁ ሦስት ቲሸርት በፖስታ ላከልን። አንዱን እናቴ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ምትኩ የራሱን ቀለም ይነካዋል ብሎ ሰቀለው። የእኔን ለብሼው ትምህርት ቤት ሄድኩ።

የክፍሌ ልጅ ናትናኤል አንገቱ ላይ የተሰፋውን ምልክት ገልብጦ አነበበ። «ሽፈራው፣ ኢትዮጵያ። አሹ፣ አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ።

አዎ አላልኩም። ይህንን ብዙ ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ አዎ አላልኩም። ሳቅኩ። እሱ ለልጆቹ ነገራቸው፤ እነሱ ለእንግሊዝኛ መምህራችን ነገሩ። መምህሩ አስጠሩኝና «ሐሳቡ እንዴት መጣልህ?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። «አንድ ቀን ጪጩ ዝናብ ዘነበ፤ ጓሮው ተነስቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ መሰለኝ» አልኳቸው። ቃሉንም ወሰድኩበት።

በሳምንቱ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ማይክ ይዘው ስሜን ጠሩ። «ሥዕሉ በዓለም አቀፍ ውድድር አሸንፎ የታተመለት ተማሪያችን አሸናፊ ሽፈራው» አሉ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። መድረኩ ላይ ወጣሁ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ቀና ስል በሩ አጠገብ ምትኩን አየሁት። የትምህርት ቤቱ የስፖርት ቡድን ያዘዘውን ቲሸርት ሊያስረክብ ነው የመጣው። ትከሻው ላይ ካርቶን ተሸክሟል። ካርቶኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና አጨበጨበ። ለማጨብጨብ ነው ያስቀመጠው። እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ሙሉ የምለውን አዘጋጀሁ። ስገባ ፍሬሙን እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። «መድረክ ላይ ስትቆም አንገትህን አቅና፤ አቀርቅረህ ነበር» አለኝ። ወደ ማጠቡ ተመለሰ። ያዘጋጀሁትን ሳልነግረው ወደ ውስጥ አለፍኩ። የምስክር ወረቀቱ ደብተሬ ውስጥ ነበር። እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ይጠይቀኛል።

«ትምህርት ቤት ስለ ቲሸርቱ ምን ይላሉ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ጥሩ ነው ይላሉ።»

«ደግ» ይላል፤ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ያኔ ጥያቄው ለወሬ ያህል ይመስለኝ ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። በዓመቱ ሌላ ሥዕል ሠራ። ገመድ ላይ የተሰጡ ቲሸርቶች፤ ገመዱ ላይ የቆሙ ወፎች ደግሞ አንገታቸውን አጠማዝዘው ቲሸርቶቹን ያነባሉ። በጣም ነበር የሚያስቀው። ከሁሉም የበለጠ ጥሩ ሥራው ነው። ወረቀቱን ጠቅልሎ ሰጠኝና፣ «አሹ፣ ይሄኛውን በኔ ስም ታስገባልኛለህ? ሁለቱም ሣጥን ላይ ምትኩ በል» አለኝ። ረጋ ብሎ ነው ያለው፤ ውሃ አምጣልኝ እንደማለት።

«እሺ» አልኩት።

አላስገባሁትም። በስሙ ከወጣ የትምህርት ቤት ልጆች ያያሉ፤ የመጀመሪያውም የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ ብዬ ፈራሁ። ሲጠይቀኝ «ኔትወርክ የለም» አልኩት። በሚቀጥለው ሰኞም ኔትወርክ የለም አልኩት። በሦስተኛው፣ ሰናይት ቤቱን ዘግታ ሐዋሳ ልትገባ ነው አልኩት፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም። ሰኞ ሰኞ መሄዱንም ተወ። ስልክ ከገዛ በኋላ እንኳ ያን ገጽ ከፍቶ ሲያይ አላየሁትም። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው። ተጠቅልሎ እንደተሰጠኝ አለ።

ለቀብሩ የታተመው ቲሸርት ጥሩ አልነበረም። ጊዜ ስለሌለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ነው የሠራው። የመታወቂያ ፎቶውን ደመና ውስጥ አስገብተው በግራና በቀኝ ርግብ አደረጉበት። ለብሼው ቀበርኩት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ጓደኞቹ ለአርባው ሌላ ይሠራ አሉ፤ እሱ የሚወደው ዓይነት። ታምራት፣ «ከፊት እሱ ሲስቅ፣ ከኋላ ደግሞ የአሹ የቅጠል ሥዕል ይሁን። ወንድሙ የሠራለት ይባላል» አለ። ሁሉም ተስማሙ። «ጥሩ አሰብክ» አሉት።

ተነሳሁ። «ሥዕሉ የእኔ አይደለም። ምትኩ ነው የሣለው። ትምህርት ቤት የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። መሰደብ ፈልጌ ነበር።

ጋሽ ወርቁ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። «ተቀመጥ ልጄ። ሀዘን እንዲህ ያደርጋል» አሉ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረው፣ «አያችሁ ወንድምነት? የራሱን ክብር ለሟች ሰጠ» አሏቸው።

«ጋሽ ወርቁ፣ እውነቴን ነው የምልዎት።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ውሃ ስጡት።»

አንዲት ጎረቤት፣ «እንዲህ ያለ ወንድም ለማን ይታደላል» ብላ አለቀሰች። ታምራት አንገቴን አቅፎ፣ «እሱ ነው የሠራው መባሉ ደስ ካሰኘህ፣ በእሱ ስም እናደርገዋለን» አለኝ። ለሕፃን እንደሚባለው ነው ያለኝ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ተናገርኩ። በደገምኩት ቁጥር የበለጠ ወደዱኝ። ሰናይት የለችም፤ እናቴ ቤት ውስጥ ናት። ምትኩም የሱ መሆኑን ለጓደኞቹ ተናግሮ አያውቅም፤ ሲሣል በዓይኑ ያየ ሌላ ሰው ድንኳኑ ውስጥ የለም።

የአርባው ቲሸርት ተሠራ። ከኋላ ቅጠሎቹ፣ ከሥራቸው «ሥዕል፦ ምትኩ ሽፈራው» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ጭምር እጄን እየጨበጡ፣ «ለወንድምህ ያደረግከውን ሰማን» አሉኝ። ስሙ በመጨረሻ ሥዕሉ ላይ ወጣ፤ ሰው ያነበበው ግን የእኔን ደግነት ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ከሀዘኑ የተረፈውን ዕቃ ለጎረቤት ልትመልስ ትለያለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ድንኳን ውስጥ ያልኩት እውነት ነው።»

«ምኑ?»

«ሥዕሉ።»

«እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አይደል የሣለው። ዓይን የለኝም?»

«ትምህርት ቤት የእኔ ነው ማለቴንም ታውቂያለሽ?»

አንድ ብርጭቆ አንስታ በቀሚሷ ጠረገች። «ያን ዕለት ነገረኝ። ‹እማ፣ አሹን ሲያጨበጭቡለት አየሁ። ምንም እንዳትይው፤ ራሱ ይነግረናል› አለኝ።»

ከፊቷ ያሉትን ሰሃኖች መደርደር ጀመርኩ።

«ከትምህርት ቤት ስትገባ ቀና ብሎ ያይህ ነበር» አለች። «ስለ ቲሸርቱ ይጠይቅሃል። አንተ መልሰህ ወደ ውስጥ ስትገባ ወደ እኔ ዞሮ፣ ‹ዛሬም አይደለም› ይለኛል።»

«እየሳቀ ነው የሚልሽ?» አልኳት።

ብርጭቆውን ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠች።

«መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር» አለች።